የሶላር ባትሪ ለሰሜን ሸዋ ቤት፦ አመራረጡና አገጣጠሙ

ደብረ ብርሃን ሱቅ ገብታችሁ «የሶላር ባትሪ ፈልጌ ነበር» ስትሉ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት አምፒር?» ብሎ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። አንዱ ጎረቤቱ የገዛውን ይጠራል። ሌላው ኪሱ የፈቀደውን ተሸክሞ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። ከዚያ በኋላ ሶላሩ ይረገማል።

ይህ መመሪያ መብራት ላልደረሰበት፣ ወይም ደርሶ ለሚቆራረጥበት ቤት ነው። የማወራው ስለ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ሶላር ነው። ጥቂት አምፖል፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን። ፍሪጅ ወይም ወፍጮ ለሚያስነሳ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።

አገራችን ለባትሪ አስቸጋሪ ናት። ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን አቋርጣችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ላይ ውርጭ ነው፣ ታች ሐሩር ነው። ሁለቱም ባትሪ ይጎዳሉ፤ አጎዳዳቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ደጋው መንዝ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ሁሉ ቆላው ቀወት ላለ ዘመዱ አይሠራም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ማታ ማታ ምን እንደምታበሩ ጻፉ። ዕቃው ጀርባ ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ ዋቱ ተጽፏል። ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። የምታገኙት ዋት ሰዓት ይባላል።

አንድ ቤት እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ይበላሉ። 25 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 75 ነው። የዲሹ ሪሲቨር 12 ዋት ቢሆን በ3 ሰዓት 36 ይሆናል። ለሁለት ስልክ 30 ያዙ። ድምሩ 241 ዋት ሰዓት ነው። ይህን በ12 ቮልት ስታካፍሉት 20 አምፒር ሰዓት ይወጣል። በየምሽቱ ከባትሪው የምትቀዱት ይህን ያህል ነው።

«በቃ ባለ 20 ልግዛ» እንዳትሉ። ሦስት ነገር ይቀራል።

የመጀመሪያው ደመና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ሳይታይ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። በልግ የሚዘራ የመንዝ ሰው ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያም ሰማዩ እንደሚጠቁር ያውቃል። ስለዚህ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ቀን ያለ ፀሐይ ማደር አለበት። 20 የነበረው 40 ሆነ።

ሁለተኛው የባትሪው ጠባይ ነው። የአሲድ ባትሪ፣ ማለትም እርሳስና አሲድ ያለበት የተለመደው ዓይነት፣ ላዩ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ብቻ ነው በሰላም የሚሰጣችሁ። ከዚያ በታች ብታወርዱትም ይሠራል፤ ዕድሜው ግን ቶሎ ያልቃል። 40 ለማግኘት ባለ 80 ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ የአሲድ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 80ን ለ0.8 ስታካፍሉ 100 ይመጣል። እንግዲህ ለዚህ ቤት የሚሆነው ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ነው። ሸዋሮቢት ቢሆን ባለ 80ው ይበቃ ነበር።

ሊቲየም ለምትገዙ ስሌቱ ያጥራል። ሊቲየም 80 በመቶውን ያለ ችግር ይሰጣል። 40ን ለ0.8 ስታካፍሉ 50 ነው። ባለ 50 ሊቲየም የባለ 100 አሲድ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኢንቨርተር አንድ ነገር ልበል። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ሳጥን ነው። ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ ቢበራ እንኳ አንዳንዱ ወደ 10 ዋት ይበላል። ሌትና ቀን ካልጠፋ 240 ዋት ሰዓት ሆነ። ከላይ የቆጠርነው የቤቱ ፍጆታ በሙሉ ያን ያህል ነው! ከቻላችሁ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ አምፖልና ቴሌቪዥን ግዙ። ኢንቨርተር ካላችሁም ሥራ ስትጨርሱ አጥፉት።

ሶላሩ ካልበላ ባትሪው አይበላም

ባትሪውን አሳድጎ ፓኔሉን ማሳነስ የተለመደ ስህተት ነው። ሰው ትልቅ ባትሪ ሲገዛ ብዙ መብራት የገዛ ይመስለዋል። ባትሪ ግን ጎተራ ነው፤ እህሉ የሚመጣው ከፓኔሉ ነው።

በቁጥር እንየው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 4 ሰዓት ሙሉ ጉልበት ታገኛላችሁ እንበል። በሽቦ፣ በአቧራና በባትሪው ውስጥ የሚባክነውን ቀንሰን 70 በመቶውን እንያዝ። ባለ 100 ዋት ፓኔል በቀን 280 ዋት ሰዓት ያስገባል። ቤቱ 241 ይበላል። የሚተርፈው 39 ብቻ ነው። ሁለት ቀን ደመና ሆኖ ባትሪው ቢጎድል፣ ያንን ጉድለት ለመሙላት 12 ያህል ፀሐያማ ቀናት ያስፈልጋሉ። በባለ 150 ዋት ፓኔል ግን 420 ይገባል፣ 179 ይተርፋል። በ3 ቀን ይሞላል።

ይህ ልዩነት የባትሪውን ዕድሜ ይወስናል። የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሲሰነብት ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ ላይ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ አንዴ ከጠነከረ አይለቅም። ባትሪው «ሞላሁ» ይላል፣ አንድ አምፖል ስታበሩበት ግን ወዲያው ይወርዳል። በየሰፈሩ ሞተው የተጣሉት የሶላር ባትሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ የሄዱ ናቸው ባይ ነኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ባትሪውን አንድ ደረጃ አሳንሱና ፓኔሉን አሳድጉ። ቴሌቪዥኑን ለጊዜው ከስሌቱ ብታወጡት ይሻላል።

የትኛው ዓይነት?

የመኪና ባትሪ ለሶላር አይሆንም። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ፈታኝ ነው። ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጡና መኪናው ራሱ መልሶ ይሞላቸዋል። በየምሽቱ ግማሽ ድረስ ስታወርዱት በወራት ውስጥ ይደክማል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቴሌቪዥን አትጫኑበት።

ውሃ የሚጨመርበት የሶላር ባትሪ ወፍራም ሰሌዳ ስላለው ይበረታል። ተንከባካቢ ይፈልጋል። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ አሲዱም ይፈሳል። ልጅ በሚሯሯጥበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አልመክረውም።

ድፍኑ የሶላር ባትሪ፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ጄል» የሚባለው፣ ውሃ አይፈልግም። በወጉ ከሞላ ጋዝ አያስቸግርም። ለብዙ የደጋ ቤት ጥሩ መካከለኛ ምርጫ ነው። ክብደቱ ግን አይጣል ነው። ባለ 100ው 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ሊቲየም ስትገዙ «ሊቲየም አይረን ፎስፌት» የሚባለውን ጠይቁ። ቀላል ነው። ባለ 100ው ከ10 እስከ 13 ኪሎ ቢሆን ነው። ሳይሞላ መሰንበቱ አይጎዳውም። በአግባቡ ከተያዘ ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ይራገፋል። የአሲዱ ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ዋጋው መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ዓመት ስትቆጥሩ ግን ይረክሳል።

አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ዋና ነገር ነው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይበላሻል። መብራት መስጠት ይችላል፤ መቀበል ነው የማይችለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ሲጥል ውጭ ሳጥን ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ወራት ሰማዩ የጠራ ስለሆነ ፀሐይዋ ገና ብቅ ስትል ፓኔሉ መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ ሻጩን «በብርድ ጊዜ ቻርጁን ራሱ ያቋርጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ውስጡ ባለው መቆጣጠሪያ ያቋርጣል፣ አንዳንዱ አያቋርጥም። የማያቋርጥ ከሆነ ሰው የሚተኛበት፣ ምድጃ የሚነድበት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። እዚያ ዜሮ አይደርስም።

ለቆላ ሰው ምርጫው ይቀላል። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሸዋሮቢት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ባትሪ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሊቲየምም ሙቀት አይወድም፤ ግን ይሻላል። ለቀወትና ለኤፍራታ ሰው ገንዘቡ ካለ ሊቲየም እላለሁ። ለመንዝና ለአንኮበር ደግሞ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ሊቲየም፣ ካልሆነ ድፍኑን የአሲድ ባትሪ።

ሱቅ ውስጥ ምን ታያላችሁ?

ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ክብደት ግን አይዋሽም። ባለ 100 የተባለ የአሲድ ባትሪ ከ20 ኪሎ በታች ከሆነ ተጠራጠሩ። ባለ 100 የተባለ ሊቲየም 5 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሚዛን ከሌለ አጠገብ ያለ የእህል ነጋዴ አይከለክላችሁም። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

ቀጥሎ ቴስተር አስይዙት። አዲስ የአሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። 12.4 ከሆነ መደርደሪያ ላይ የቆየ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ አምጣ በሉት። የተመረተበት ቀን ሽፋኑ ላይ ታትሞ ወይም ተወግቶ ይገኛል። ዓመት ያለፈው የአሲድ ባትሪ በቅናሽም አይገዛ።

የአምፒር ሰዓቱ ቁጥር አጠገብ 10 ወይም 20 ሰዓት የሚል ካለ ልብ በሉ። ባለ 100 በ20 ሰዓት ማለት 5 አምፒር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ሁለት ባትሪ ስታወዳድሩ በአንድ ዓይነት ሰዓት የተለካ ይሁን።

ያገለገለ ባትሪ? እኔ አልገዛም። ብትለኩት ቮልቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ አቅሙ ግን ሳይጫን አይታወቅም። ዋስትና ከሰጧችሁ ደግሞ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ላይ በጽሑፍ ይሁን፣ የባትሪው መለያ ቁጥርም ይጻፍበት።

ስታጓጉዙ ባትሪው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሁለቱን ጫፎች በካርቶንና በናስትሮ ሸፍኑ፤ አንድ ብረት ሁለቱን ካገናኘ እሳት ነው። አህያ ላይ ከጫናችሁ ሌላውን ጎን በእኩል ክብደት አመጣጥኑ። ውሃ የሚጨመርበትን ዓይነት በአህያ ባትጭኑት ይሻላል።

ቦታ መምረጥ

ደጋ ላይ ባትሪው ቤት ውስጥ ይሁን። ከምድጃው ራቅ ይበል፤ ጥላሸትና ብልጭታ አይስማማውም። በቀዝቃዛና እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥ። አንድ ወፍራም ጣውላ ሥሩ አድርጉ። ከብት አብሮ የሚያድርበት ቤት ከሆነ ጥጃ የማይደርስበት፣ ሽንት የማይረጭበት ጥግ ፈልጉ። ልጆች ገመድ አይተው ዝም አይሉምና በእንጨት ሳጥን ክደኑት። ሳጥኑ ግን ከላይም ከታችም አየር ማስገቢያ ይኑረው። ከአሲድ ባትሪ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከላይ የታፈነ ሳጥን ያጠራቅመዋል። በዚያ ላይ ኩራዝ ይዞ ጎንበስ ማለት አደጋ አለው።

ቆላ ላይ ደግሞ የቤቱን ቀዝቃዛ ጎን ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ራቁ። ወለሉ አጠገብ ይሁን፣ ጣሪያ ሥር አይሰቀል።

ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውንና ከባትሪው የሚወጣውን የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ ከባትሪው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ምቱት። እዚያው ክፍል ይሁን። ደህና ኮንትሮለር የአካባቢውን ሙቀት እየለካ ቻርጁን ያስተካክላል። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ በአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.02 ቮልት ገደማ ማስተካከያ ይፈልጋል። 25 ዲግሪ ላይ በ14.4 የሚሞላ ባትሪ 5 ዲግሪ ላይ 14.8 ያስፈልገዋል። ባትሪው ቀዝቃዛ ጓዳ፣ ኮንትሮለሩ ሞቃት ሳሎን ከሆኑ ልኩ ይሳሳታል፣ ባትሪው በየቀኑ ሳይሞላ ይቀራል።

መግጠም

ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። 12 ቮልት አይነዝርም፤ ነገር ግን ብረት ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ መቶዎች አምፒር ያልፍበታልና ጣት ላይ ያለ ቀለበት ሥጋ እስኪያቃጥል ይግላል። የብሎን ቁልፋችሁን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉት። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ መነጽር አድርጉ፣ አንድ ባልዲ ውሃም አጠገባችሁ ይኑር። አሲድ ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

1. ባትሪውን ቦታው ላይ አስቀምጡና ቮልቱን ለኩ። ቁጥሩንና ቀኑን ባትሪው ላይ በማርከር ጻፉ። በኋላ ይጠቅማችኋል።

2. ሽቦውን ቁረጡ። ከባትሪ እስከ ኮንትሮለር 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ መዳብ ይበቃል። ቀይ ለፕላስ፣ ጥቁር ለማይነስ። ሁለት ቀለም ካላገኛችሁ ፕላሱ ጫፍ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቅልሉ። በአሉሚኒየም ሽቦና በስልክ ገመድ ጊዜ አታባክኑ።

3. ፊውዝ ግጠሙ። ቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይሁን። ለቆጠርነው ቤት 15 አምፒር በቂ ነው። ፊውዙን ገና አታስገቡት፤ ፊውዙ የሚገባበትን ማቀፊያ ብቻ እሰሩ። ፊውዝ ለዕቃው ብቻ እንደሚሆን የሚያስብ አለ። ሽቦው ተልጦ ሲገናኝ ቤቱን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በቆርቆሮ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካትን የመሰለ ቂልነት የለም።

4. የባትሪውን ጫፎች በደረቅ ጨርቅና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ቀዩን ፕላስ ላይ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ማይነስ ላይ እሰሩ። ሞርሴቶው (ሽቦውን ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ) በእጅ ሲወዘወዝ ንቅንቅ እንዳይል ይጥበቅ፤ ግን ብሎኑን እስክትሰብሩት አታጥብቁ። የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ካጠበቃችሁ በኋላ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ቀቡት።

5. ሁለቱን ሽቦ ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪ ሥዕል ባለበት ቀዳዳ አስገቡ። ፕላስና ማይነስ እንዳልተገላበጠ ሁለት ጊዜ አይታችሁ ፊውዙን አስገቡት። ኮንትሮለሩ ይበራል፣ ቮልቱን ያሳያል። በቴስተር ከለካችሁት ጋር ይቀራረብ።

6. አሁን ፓኔሉ ይያያዛል። ፓኔሉን በጋቢ ሸፍናችሁ ወይም አመሻሽ ላይ አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ግድ ነው፤ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል፣ መጨረሻ አምፖልና ቴሌቪዥን። ባትሪ ሳይኖር ፓኔል ብቻ ሲገባ ብዙ ኮንትሮለር ይቃጠላል። ስትፈቱ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው።

7. አምፖሎቹንና ቴሌቪዥኑን ኮንትሮለሩ ላይ የአምፖል ሥዕል ካለበት ቀዳዳ ውሰዱ። ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚያስር አለ። እንዲህ ሲሆን ኮንትሮለሩ ባትሪው ሲያልቅ ማቋረጥ አይችልም።

ስለ ሽቦ ውፍረት ትንሽ ልጨምር፣ በ12 ቮልት ዋናው ሌባ እሱ ነውና። 5 አምፒር 5 ሜትር ርቆ ቢሄድ፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። በ2.5 ግን 0.35 ብቻ ነው። ባትሪው ደህና ሆኖ ጓዳ ያለው አምፖል የሚፈዝዘው ለዚህ ነው። ለቴሌቪዥን 2.5፣ ለአንድ አምፖል 1.5 አድርጉ።

ኮንትሮለሩን ማስተካከል

አብዛኛው ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ብዙ ባትሪ የሚሞተውም በዚህ ነው። ኮንትሮለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላበት የቮልት ቁጥር ለእናንተ ባትሪ ላይሆን ይችላል። ከሳጥኑ ጋር የመጣችውን ወረቀት አትጣሏት፤ የባትሪ ዓይነት መምረጫው እዚያ ላይ ነው። ድፍን፣ ጄል፣ ውሃ የሚጨመርበት እና ሊቲየም እያለ ይለያል። ሱቅ ውስጥ «ጄል» የሚባለው ድፍን ሁሉ ጄል ስላልሆነ ሽፋኑን አንብቡ። የሊቲየም ምርጫ የሌለው ኮንትሮለር ላይ ሊቲየም አታስሩ።

ለሊቲየም መሙያው ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ማቋረጫው (ባትሪው ሲያልቅ ኮንትሮለሩ መብራቱን የሚያጠፋበት ቮልት) 12.0 ይሁን። ለአሲድ ባትሪ መሙያው ብዙ ጊዜ 14.4 አካባቢ ነው፤ ለጄል ትንሽ ዝቅ ብሎ 14.1። ባትሪው ሽፋን ላይ የተጻፈ ካለ እሱን አስቀድሙ።

ማቋረጫውን በተለይ እዩ። ርካሽ ኮንትሮለሮች 10.7 ላይ ነው የሚያቋርጡት። እዚያ የደረሰ የአሲድ ባትሪ ጨርሶ ባዶ ነው። ወደ 11.7 ከፍ አድርጉት። ቴሌቪዥኑ ከበፊቱ ቀደም ብሎ ይጠፋል፣ ቤተሰቡም ያጉረመርማል። ባትሪው ግን ይከርማል። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ባዶ የሆነ የአሲድ ባትሪ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ውሃ ስለሚበዛበት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል። ሙሉ የሆነው አይረጋም።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም አታብሩ። በደንብ ይሙላ።

ከዚያ በኋላ

የአሲድ ባትሪ ሁኔታ የሚለካው ጠዋት ፓኔሉ ሳይጀምር፣ ሌሊቱን ካረፈ በኋላ ነው። 12.7 ሙሉ ነው። 12.4 ሩቡ ጎድሏል። 12.2 ግማሽ ነው፤ ያን ቀን ምሽት ቴሌቪዥን ይቅር። 11.9 ባዶ ማለት ነው (ማቋረጫው 11.7 የሆነው ዕቃ እየሠራ ሳለ ቮልቱ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ነው)። ሊቲየም በቮልት እንዲህ አይነበብም። አብዛኛውን ጊዜ 13 አካባቢ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወርዳል።

ውሃ የሚጨመርበትን በየወሩ ክፈቱና እዩ። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የምንጭ ውሃ ማዕድን አለው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ንጹሕ አይደለም። ሰሌዳው ተሸፍኖ ትንሽ እስኪያልፍ ብቻ ሙሉ። አሲድ በጭራሽ አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነው። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ሙቅ ውሃ ውስጥ የምግብ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቁ።

አቅም ሲያንስ አሮጌው ላይ አዲስ ባትሪ መጨመር ያምራል። አይሠራም። አሮጌው አዲሱን ወደራሱ ደረጃ ያወርደዋል። ሁለት ባትሪ ማጣመር ካስፈለገ ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በአንድ ቀን የተገዛ ይሁን። አሲድና ሊቲየም ጭራሽ አይጣመሩ።

ማታ ድንገት ሁሉም ከጠፋ ባትሪ ልግዛ ከማለታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። መጀመሪያ ፊውዙን። ቀጥሎ ሞርሴቶዎቹን ነካክታችሁ የላላ ወይም የሞቀ እንዳለ። ከዚያ ፓኔሉን፤ በጋ ላይ የተከመረ አቧራ ወይም አዲስ ያደገ የባሕር ዛፍ ጥላ ብዙ ይቀንሳል። ጥላ የፓኔሉን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ ምርቱ በጣም ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እያለ ኮንትሮለሩ ምንም አምፒር ካላሳየ ከፓኔሉ የሚመጣው ሽቦ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ባትሪው ቀን «ሙሉ» ብሎ ማታ በግማሽ ሰዓት ከወረደ ያኔ ባትሪው አልቋል።

ያለቀውን ባትሪ አትክፈቱ። እርሳሱን ቤት ውስጥ ማቅለጥ በተለይ ልጆችን ይመርዛል። አሲዱንም ገብስ ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ሳይከፈት ለቆራሌው ወይም አዲሱን ለምትገዙበት ሱቅ ስጡት። የአሲድ ባትሪ በውስጡ ባለው እርሳስ ምክንያት በኪሎ ይሸጣልና ዋጋውን ከአዲሱ ላይ እንዲቀንሱላችሁ ተከራከሩ። ሊቲየም ከሆነ ግን እንደ እርሳሱ በኪሎ የሚፈልገው የለም። እሳት አጠገብ ሳታደርሱት፣ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ ወደ ሻጩ መልሱት።